ይድረስ ለክቡር «ውስጡ ምንድን ነው?»

ባሉበት ባንኮኒ ሁሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ ነው። በሄድኩበት ፖስታ ቤት ሁሉ ቀድመውኝ ባንኮኒው ላይ ስለማገኝዎ፣ ለመናፈቅ እንኳን ፋታ አልሰጡኝም።

እርስዎና እኔ የተዋወቅነው በበርበሬ ነው። ቨርጂኒያ በገባሁ በዓመቱ ሲያትል ላለችው እህቴ ሁለት ኪሎ በርበሬ ልልክ ሄድኩ። በሠራተኛዋ አፍ ብቅ አሉና «ውስጡ ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም በቅን ልቦና «ቀይ ዱቄት» አልኩ። እንግሊዝኛዬ እዚያ ድረስ ነበር። ሠራተኛዋ እጇን ከካርቶኑ ላይ አነሳች። ከኋላዬ የቆመች እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ያዳነኝ በርበሬው ራሱ ነው። በካርቶኑ ጥግ ሾልኮ ወጣና ሠራተኛዋ ሦስቴ አነጠሰች። «ኦ፣ ምግብ ነው!» አለች። ታረቅን።

የ2023ቱ ግን በማስነጠስ የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

ክቡርነትዎ፣ እኔ አዳኝ ነኝ። ሐበሻ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ሥጋ ቤት ጠፍቶ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ጫካ መግባት ለመደብኝ። አጋዘን የመታሁት ሁለቴ ብቻ ነው፤ እሱን እንተወው። ያን ዓመት ግን ወቅቱ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው የጠመንጃዬ ቃታ መጣበቅ ጀመረ። አምራቹ ጋ ደወልኩ። «ላከው፣ እንጠግነዋለን» አሉኝ። ላከው! ቃሉ እንዴት ቀላል ነው።

አያቴ ምንሽር ነበረው። ከገበያ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን በትከሻው አንግቦት ይዞራል። ቅዳሴ ሲገባ ዛፍ ስር ያስደግፈዋል። እርስዎን አንድ ቀን እንኳን አላገኘዎትም። ምንሽሩ ካርቶን አልነበረውማ! ውስጥ የሌለው ነገር «ውስጡ ምንድን ነው?» አይባልም።

እኔ ግን የአያቴ ልጅ ብሆንም ስደተኛ ነኝ። ስደተኛ ሰው መጀመሪያ ህጉን ያነባል። አነበብኩ። የ1968ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ህግ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ሌላ ስቴት ላለ ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃ እንዳይልክ ይከለክላል። ፈቃድ ላለው ነጋዴ ወይም አምራች ግን መላክ ይቻላል። ፖስታ ቤቱም ሽጉጥን ከ1927 ጀምሮ በህግ ከግለሰብ አልቀበልም ብሎ ኖሯል እንጂ፣ ጥይት የሌለበትን ረጅም ጠመንጃ ይቀበላል። ማለትም የኔን። ገጹን ከነቁጥሩ አተምኩት። በቢጫ ቀለም አሰመርኩበት። የሰርግ መጥሪያ እንኳን እንዲህ ተጠንቅቄ ይዤ አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩት ግን ወደ አንድ ትልቅ የግል አመላላሽ ድርጅት ነበር። «የምንቀበለው ፈቃድ ካላቸውና ከኛ ጋር ውል ከገቡ ነጋዴዎች ብቻ ነው» አሉኝ። ጨዋ አነጋገር ነው፣ ቅር አላለኝም። ይህን ድርጅት ግን ያስታውሱልኝ፣ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ዴንቨር ያለው አብሮ አደጌ ደግሞ ምክር አያልቅበትም። «በአውሮፕላን ይዘኸው አትሄድም?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአውሮፕላን ይቀላል። ጥይቱን አውጥተህ፣ በጠንካራ ሳጥን ቆልፈህ፣ ባንኮኒው ላይ አስመዝግበህ ከሻንጣ ጋር ትሰጣለህ። ግን ለአንዲት ቃታ ቲኬት ቆርጬ ልብረር? ሲቀጥል «እንግዲያው እኔ ጋ ላከው» አለኝ። አይቻልም አልኩት። የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ለአደን የምሄድ ከሆነ ለራሴ፣ በራሴ ስም፣ በሱ አድራሻ መላክ እችላለሁ። ከፍቼ የምይዘው ግን እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ካርቶኑን ሳሎን አስቀምጦ እስክመጣ ሊያየው ነው። ይህ ሰው የልደት ስጦታውን ዋዜማው ላይ የሚቀድ ሰው ነው። ተውኩት።

ከዚያ ካርቶን ፍለጋ ገባሁ። ህጉ እዚህ ላይ እንዴት ደስ እንደሚል! ውስጡ ጠመንጃ እንዳለ የሚጠቁም ምንም ምልክት ካርቶኑ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ሌባ እንዳያይ ነዋ። ስለዚህ ጠመንጃው የመጣበት፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት የራሱ ሳጥን ቀረ። አፈሙዙን ነቅዬ፣ ሰደፉን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ፣ ቤት ውስጥ ያለ ረጅም ካርቶን ፈለግሁ። ባለቤቴ ከአልጋ ስር አንዱን ጎትታ አወጣች። የመጋረጃ ዘንግ የመጣበት ነው። ልክክ አለ። ሲነቀነቅ እንኳን አይንኳኳም።

(ቆይቼ ነው ያስታወስኩት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲን በመግደል የተከሰሰው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በግድያው ዕለት ጠዋት በወረቀት የጠቀለለውን ረጅም ነገር ይዞ መኪና ሲሳፈር፣ «ምንድን ነው?» ላለው የሥራ ባልደረባው «የመጋረጃ ዘንግ» ብሎ ነበር የመለሰለት። ሲያስታውሱት ላብ ያስመጣል። የጠቀለለውን ጠመንጃ በ1963 ቺካጎ ካለ ሱቅ በሐሰት ስም አዝዞ፣ ከነማጉሊያው በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ከመላኪያው ጋር በ21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ዳላስ ወዳለው የፖስታ ሳጥኑ አስመጣው። ሽጉጡን ደግሞ፣ ፖስታ ቤት ሽጉጥ አያደርስምና፣ የግል አመላላሽ አመጣለት። ያኔ ክቡርነትዎ የት ነበሩ? ለኔ በርበሬ ጉልበት እየቆጠቡ ነበር?)

አሁን ወደ ባንኮኒው። መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተለማመድኩ። ችግሩ «ገን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም ጠመንጃ፣ የት ይግባ የሚለው ነው። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ከገባ ቀሪውን የሚሰማ የለም። መጨረሻ ላይ ከገባ ደግሞ ማስፈራሪያ ይመስላል። ፈገግ ብዬ ልበል? ፈገግ ብሎ «ጠመንጃ ይዣለሁ» የሚል ጥቁር ሰው ኮስተር ካለው ይብሳል። እጄንስ የት ላድርግ? ኪሴ ውስጥ በፍጹም አይሆንም። በመጨረሻ እንዲህ አረቀቅሁት፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ለጥገና ወደ አምራቹ የሚመለስ፣ ጥይት የሌለው የአደን ጠመንጃ በፖስታ መላክ ፈልጌ ነበር።» ውብ ነው። ቃሏ መሃል ላይ፣ ሰው እንደማያያት ገብታ ተቀምጣለች።

ወረፋው ደረሰኝ። አፌን ሳልከፍት እርስዎ ቀደሙ፦ «ተሰባሪ፣ ፈሳሽ፣ የሚበላሽ፣ ወይም አደገኛ ነገር አለው? ሊቲየም ባትሪ? ሽቶ?»

ክቡርነትዎ፣ ልብ ይበሉ። የሁሉም መልስ «የለውም» ነው። ጥይት የሌለው ብረትና እንጨት ነው። አይፈስም፣ አይሸትም። «የለውም» ብዬ፣ ከፍዬ፣ ደረሰኜን ይዤ ቡና ልጠጣ እችል ነበር። ግን እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ አይደለም። «የለውም፣ ግን...» አልኩ። ያቺ «ግን» ናት የበላችኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋና ከአፌ የወጣው ሦስት ቃል ብቻ ሆነ፦ «ጠመንጃ ነው፣ እመቤቴ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ ከበርበሬው አውቀዋለሁ። ከኋላዬ ፖስታ ካርድ የያዙ አንድ ሽማግሌ በቀስታ ወደ ቴምብር ማሽኑ ሄዱ። ሠራተኛዋ «አንድ ደቂቃ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከአለቃዋ ጋር ተመለሰች። አለቃው ቅጽ ይዟል። አየሁት። ሽጉጥ የሚላላኩ ባለፈቃድ ነጋዴዎች የሚሞሉት ቅጽ ነው።

«ፈቃድህ የታል?» አለኝ።

«ፈቃድ አያስፈልገኝም» አልኩ።

«እንደማያስፈልግህ የሚያሳይ ወረቀትስ?»

የማያስፈልግ ፈቃድ ወረቀት ከየት ይመጣል? ባለ ቢጫዋን ገጽ ዘረጋሁለት። ጨዋ ሰው ነው፣ አነበባት። ሁለቴ አነበባት። ከዚያ «ይህ ከኢንተርኔት የወጣ ነው» አለ። የራሳቸው መመሪያ ነው! ራሳቸው የለጠፉት! አንተ ግን እዚያው መካከላችን ተገትረህ፣ መልሱን ሰምተህ ስታበቃ፣ አሁንም «ውስጡ ምንድን ነው? ውስጡ ምንድን ነው?» ትላለህ፣ ጆሮ የለህም?

ይቅርታ። አንቱታው አመለጠኝ።

የሁለተኛውን ፖስታ ቤት ረጅም ነገር ላሳጥርልዎ። «ጥይቱ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤት ነው አልኩ። ጥይት በፖስታ ጨርሶ አይሄድም፣ ለብቻውም ቢሆን። «ታዲያ ጥይት ከሌለው ምን ይሠራል?» አለኝ ልጁ። ምንም አይሠራም፣ ስለዚህ ነው የምልከው። «ነገ ማኔጀሯ ስትኖር ና» ተባልኩ። ነገ ማኔጀሯ አልነበረችም።

ሦስተኛው ከከተማ ወጣ ያለ ነው። እርሻ አካባቢ፣ በሩ ላይ የአደን ወቅት ማስታወቂያ የተለጠፈበት። ባንኮኒው ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወረዱ እናት ተቀምጠዋል። ዓረፍተ ነገሬን ጀመርኩ። «ለጥገና ወደ አምራቹ...» ስል አቋረጡኝ። «ጥይት የለውም?» የለውም። «ሲደርስ ፊርማ ይጠየቅበት?» አዎ። ካርቶኑን ለኩ። ከ30 ኢንች ስለበለጠ ጭማሪ አለው አሉ። ከፈልኩ። አራት ደቂቃ አልሞላም። ከኋላዬ የቆመው ገበሬ ካርቶኑን አይቶ ሳቀና «መጋረጃ ነው?» አለኝ። ሁለት ፖስታ ቤት ከተንከራተትኩ በኋላ፣ ይህን ያህል በአገሬ የተቀመጥኩ መስሎኝ አያውቅም።

እዚያ ግን እርስዎን አላየሁም። ምሳ ወጥተው ይሆናል።

የመመለሻውን ነገር ደግሞ ይስሙ። ጠመንጃው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠግኖ መጣ። እንዴት መጣ? በቀጥታ፣ ቤቴ በር ድረስ። ጥገና የሠራ አምራች ለላከለት ሰው በቀጥታ መመለስ በህግ ይፈቀድለታል። ማን አመጣው? ያ ወደ ታች እንመለስበታለን ያልኩዎት የግል ድርጅት። ካርቶኔን ለመንካት እንኳን ያልፈለገው! አሽከርካሪው እያፏጨ መጣ። ፊርማ ብቻ ነው የጠየቀው። አንዴ እንኳን «ውስጡ...» አላለም። ጠመንጃ ከኔ ሲወጣ አደገኛ፣ ወደኔ ሲመጣ ጫማ ነው ማለት ነው።

ፈርሜ ካርቶኑን ወደ ቤት አስገባሁ። በድል ነው የገባሁት። የኖቬምበሩ ወቅት ሊከፈት አራት ቀን ቀርቶታል። እናቴ ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ፣ ክቡርነትዎ፣ ከአንድ ውቅያኖስ ማዶ ከመጣች ሴት አፍ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ እርስዎ ወጡ።

«ምነው ልጄ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

ህጉን አውቃለሁ። ገጹም አሁን ድረስ መሳቢያ ውስጥ አለ። ግን የእናቴን የደም ግፊትም አውቃለሁ።

«የመጋረጃ ዘንግ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

መስኮቱን አየችው።

«እሺ፣ መጋረጃውስ?»

አክባሪዎ፣
ከወረፋው መሃል