«ኳስ ብቻ» የሚለው ምክር ይታረም

«ልጅ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ኳስ ብቻ ካልሠለጠነ ፕሮፌሽናል አይሆንም» የተባለው ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰን፣ በአብዛኞቹ ስፖርቶች፣ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት እንዲዘገይ ይመክራል።

የሳምንቱ የሥልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፤ የ9 ዓመት ልጅ ከ9 ሰዓት በላይ አይሠልጥን። ይህም ጣሪያው ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ለ2 ሰዓት ሥልጠና ቢያንስ 1 ሰዓት አሠልጣኝ የሌለበት ጨዋታ ይኑረው፦ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የሰፈር ኳስ። በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ይረፍ።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጅማቱ የተያያዘው ገና ባልጠነከረ አጥንት ላይ ነው። ያው ሩጫና ምት ሲደጋገም ተረከዙን ወይም ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያመዋል። ከሥልጠና በኋላ ካነከሰ «ይለምደዋል» አትበሉ፤ አሳርፉት፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።