በኮንዶሚኒየም የተከበበች ደሴት

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከታች አንዲት የጤፍ ማሳ ትታየኛለች። በሦስት በኩል ብሎክ፣ በአንዱ በኩል አስፋልት ከቧታል። ሐምሌ ላይ ከብቶች ገብተው ጭቃዋን ሲረግጡ የጎረቤት ልጆች በመስኮት ተንጠልጥለው ያያሉ። ደሴት በሏት።

እኛ መሬት አያልቅም ብለን ነው ያደግነው። ቦሌ ሲሞላ አያት፣ አያት ሲሞላ ኮዬ ፈጬ። ደሴት ላይ የተወለደ ሰው ግን የመሬቱን ዳር በዓይኑ እያየ ነው የሚያድግ። ማየቱ ብቻውን አያድንም እንጂ።

ናኡሩን እንይ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች አገር ናት። አዲስ አበባ ከ500 በላይ ነው። ከምድሯ ማዳበሪያ የሚሠራበት ፎስፌት ተገኘና በ1907 እ.ኤ.አ. መጫን ተጀመረ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ማሳ በእሱ ለማ። በ1968 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕድኑ በእጇ ገባ። ሕዝቧ ለጥቂት ዓመታት ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ተሰለፈ። ከዚያ ማዕድኑ ተመናመነ፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ገንዘብም በማይረቡ ንግዶች ቀለጠ። ዛሬ አብዛኛው መሬቷ የተፋቀ ሹል ድንጋይ ነው፣ አይታረስም።

የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ የሚባለው ጥቁር ጭቃ ነው። ጤፍ ይወደዋል፣ መሐንዲስ ግን አይወደውም። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳ አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረት ሲወጣ ይዛቅና በምትኩ ሰሌክት የሚሉት የተመረጠ ጠጠራማ አፈር ይሞላል። የተዛቀውን ሲኖ ይጭነዋል። አንድ ቀን ተከትዬ ባየው ገደል አፋፍ ላይ ገለበጠው። በየግቢያችሁ ቆስጣ ትከሉ እየተባልን መረሬውን ወንዝ ውስጥ እንደፋለን። የናኡሩ አፈር እንኳ የሰው ማሳ አልምቷል።

ካሳ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር፤ የ2011ዱ አሥራ አምስት አድርጎታል። ጭማሪው ጥሩ ነው። ግን ከአሥራ አምስተኛው ዓመት በኋላስ? ገንዘብ የሚያልቅበትን መንገድ ናኡሩዎች ያውቁታል።

ሞሪሸስ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ደኗ ተመንጥሮ ሸንኮራ ተተከለበት፤ አሁን ደግሞ ሸንኮራው በተራው ለቢሮና ለቪላ እየለቀቀ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያዎች የሰፈሩበት ኤቤን የሚባለው ሰፈር ትናንት የአገዳ እርሻ ነበር። ሆኖም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገዳ መሬትን ለሌላ ሥራ ለማዋል የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቪላውን አላስቀረም። ቢያንስ ግን ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ሰው ማመልከት፣ ሌላው ደግሞ መፈረም አለበት።

እኔም የምለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤት አይሠራ አልልም፣ በዕጣ የደረሰኝ ቤት ራሱ የሰው ማሳ ላይ ነው የቆመው። ግን ጭንጫውና ጠፉ መሬት ቀድሞ ይሠራበት። ለም ማሳ የሚነካ ካለ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ፣ ይፈርም። የተዛቀው መረሬም ገደል ከሚገባ ለከተማ ግብርና ይዋል። ለሲኖው ነዳጅ ያው ነው።

ባለፈው የማሳዋን ባለቤት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ለከርሞም ይዘራሉ?» አልኳቸው።

«የዘንድሮውን ዘርቻለሁ ልጄ» አሉና በከዘራቸው ወደ ማሳዋ ጥግ ጠቆሙኝ። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቆሟል። ከበረንዳዬ አይታይም ነበር።