ለክቡር የፋብሪካ ጭስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሌሊት ጉብኝትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? እኛን አይጠይቁን፤ እያሳልን ነው።

የምጽፍልዎ ከአቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። መስኮት ስንዘጋ በበሩ ሥር ይገባሉ። በሩ ሥር ጨርቅ ስንወትፍ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይመጣሉ። ጎረቤታችን ነጭ አንሶላ ታሰጣለች፤ ስታነሳው ግራጫ ነው። ዘመድ እንኳ ሲመጣ ሙዝ ይይዛል። እርስዎም ባዶ እጅዎን አይመጡም። የነደደው የፋብሪካ ነዳጅ ከሆነ ድኝ ይዘው ይመጣሉ፤ የቀለጠው ቁርጥራጭ ብረት ከሆነ ደግሞ እርሳስና ዚንክ ጣል ያደርጉልናል። ምን ጎደለን?

ሰዓት አክባሪነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ቀን ቀን ነጭ፣ ስስና ጨዋ ነዎት። የመንግሥት ሠራተኛ 11 ተኩል ላይ ከቢሮ ይወጣል፤ እርስዎ ልብስ ይቀይራሉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጥቁር ለብሰው ሰፈሩን ሲዞሩ ሃይ ባይ የለም። ለነገሩ ይገባኛል። የጭስ ማጣሪያው መብራት ይበላል፣ ብናኙን የሚይዘው ከረጢቱም ሲያረጅ መቀየር አለበት። ሌሊት ማን አየ ብሎ ነው ያን ሁሉ ወጪ?

ስለ ሕጉ ትንሽ ላንሳልዎ። አይደንግጡ፣ የቆየ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ወደ አየር ለሚለቀቀው ነገር ገደብ እንዲወጣለት አዘዘ። በ2001 የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ተከተለ፤ ነባር ፋብሪካዎችም ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ አምስት ዓመት ተሰጣቸው። አምስት ዓመቱ በ2006 አለቀ። ይህን የነገረዎት ሰው የለም መሰለኝ። ቅጣቱስ? አዋጁ ሲጻፍ አንድ ዶላር ዘጠኝ ብር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ብር በላይ ነው። እዚያ የተጻፈው ገንዘብ አሁን ለእርስዎ የሻይ ነው።

መለኪያ መጣ ሲባልም ብልሃት አያጡም። ገደቡ የሚነገረው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ሚሊግራም መርዝ አለ ተብሎ ነው። ታዲያ ማራገቢያ ከፍቶ ንጹሕ አየር መደባለቅ ነዋ! እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ ጠብ እንደሚደረገው። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሳንባችን የሚደርሰው ግን ያው ነው። ደህና ተደርጎ የተጻፈ ገደብ ጭሱ ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንዳለም አብሮ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ኦክስጅኑ ከበዛ ውሃ መጨመሩ ይታወቃል። የጭስ ማውጫውን ማስረዘምም አለ። ያኔ እኛን ዘለው ሌላ ሰፈር ይወርዳሉ። እዚያም አክባሪ አያጡም።

ወዲያ ማዶ ግን ነገሩ እየጠበቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 መጀመሪያ ላይ ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠውን የዓመት አማካይ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አወረደው። ግማሹን ቆረጠብዎ። የምሥራች ደግሞ አለልዎ፤ አሜሪካ በየኤምባሲዎቿ ስትለካው የነበረውን አየር ለሕዝብ ማሳየት በ2017 አቆመች። የአዲስ አበባውም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ሳይልዎት አይቀርም።

ፋብሪካው ይዘጋ እያልኩ እንዳይመስልዎ። ግማሹ ሰፈር እንጀራው እዚያ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ደሞዙንም ሳሉንም የሚያመጣው ከአንድ በር ነው፤ ስለ እርስዎ ክፉ እንዲናገር ብጠይቀው ዙሪያውን አይቶ ዝም ይላል። እኔ የምለው ገደቡ ይጥበቅ፣ ማጣሪያው ሌሊትም ይሥራ፣ መለኪያው ማውጫው ላይ ተገጥሞ ሌት ተቀን ይቁጠር ነው። ቁጥሩም በፋብሪካው በር ላይ ይለጠፍልን። የዳቦ ዋጋ እንኳ ይለጠፋል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ እንዳልቀር። ያ አሮጌ አዋጅ ማንም ሰው፣ እኔን በግል ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው።

ከአክብሮትና ከሳል ጋር

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት (እባካችሁ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ኑ)