እርማት፦ አገልጋይ መሪ ማለት የማይወስን መሪ አይደለም
ወንድሜ ከላይ "ሰርቫንት ሊደርሺፕ (አገልጋይ መሪነት) ማለት መሪው ሁሉንም እሺ ሲል ነው፣ ኢየሱስም እግር ያጠበው ለዛ ነው" ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ስለሚያስብ ነው የምመልስልህ። ዮሐንስ 13 ላይ እኮ ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ሲለው እሺ ብሎ አልተወውም፣ ካላጠብኩህ ከኔ ጋር ዕድል የለህም ነው ያለው፣ አጥቦ ሲጨርስም መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ አላቸው። ሐዋርያት ሥራ 6ን ደግሞ እስቲ ረጋ ብለህ አንብበው፣ መበለቶች በየቀኑ እደላ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሳ ሐዋርያቱ ቅሬታውን አልናቁም ግን ራሳቸውም ማዕድ ላይ አልተሯሯጡም፣ ቃሉን ትተን ይሄን ልንሰራ አይገባም ብለው ህዝቡ ሰባት ሰው እንዲመርጥ አደረጉና እጃቸውን ጭነው ስራውን አስረከቡ፣ ይሄ ውሳኔም ነው ዴሊጌሽንም (ስራን ለሌላ ሰው በኃላፊነት መስጠትም) ነው። እኔ በነበርኩበት ህብረት መሪያችን ማንንም ላለማስቀየም ዝም ሲል የተጎዱት ደካሞቹ ነበሩ፣ አሁንም ያመኛል። ሰርቫንት ሊደርሺፕን በማኔጅመንቱ ዓለም ያስተዋወቀው ሮበርት ግሪንሊፍም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጽፍ ዋና መለኪያ ያደረገው የሚገለገሉት ሰዎች ያድጋሉ ወይ የሚለውን ነው።