«ለሁሉም» የምትለዋን ቁልፍ ተዉአት!
በቀደም ኮምቦልቻ ቢሮዬ ከምሳ ተመልሼ ኢሜይሌን ስከፍት 31 መልእክት። ምን ተቃጠለ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ አንዱ ባልደረባችን ደሴ ስለሚሰጥ ስልጠና ለሁላችንም ጽፎ፣ 30 ሰው በየተራ «እናመሰግናለን» እያለ ነው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለላከው ሰው ብቻ መልሱለታ!

ነገሩ አዲስ ቢሆን ባልከፋ። አርኤፍሲ 1855 የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ የወጣው እኮ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔውኑ፣ ለመልስ ያህል ብቻ መልስ አትላኩ፣ ስትመልሱ ከቀድሞው መልእክት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ጥቀሱ፣ እንግሊዝኛን በትልልቁ ፊደል ብቻ መጻፍ እንደ መጮህ ነው ይል ነበር።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ቁም ነገር ሲመጣ ዝም! ባለፈው ወር አንዲት ልጅ፣ የአንድ ትልቅ ባለሙያችን ስሌት ላይ ስህተት ያለ ይመስለኛል ብላ፣ በትህትና፣ ገጹን ሳይቀር ጠቅሳ ለሁላችንም ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም። ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ግን ሁሉም «ልክ እኮ ናት» ይላል። ታዲያ እዚያው አትሉም ነበር? አንዱማ ጭራሽ ለብቻዋ ጽፎ «እህቴ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይታረምም» ብሏታል። ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ሰውየውን መስደብ ነው እንዴ?

ወላሂ እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ሰኞ ግን ልክ ናት ብዬ ጻፍኩ፣ ለሁሉም። እስካሁን አንድ መልስ ብቻ መጣ፦ «እናመሰግናለን»።