ስለ «ሜታ ኪወርድስ» እርማት

በድረ ገጽ ኮድ ውስጥ «ሜታ ኪወርድስ» የሚባለውን መስመር በቁልፍ ቃላት መሙላት ገጹን በጉግል የፍለጋ ውጤት ወደ ላይ ያወጣዋል ተብሎ የተሰጠው ምክር፣ በስፋት የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጉግል ይህን መስመር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ አሳውቋል፤ መስመሩ ለጎብኚ ስለማይታይ ብዙዎች ከገጹ ይዘት ጋር የማይገናኙ ቃላትን ያጭቁበት ነበርና። ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር የሚምታታው «ሜታ ዲስክሪፕሽን»፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ የገጹን ይዘት በአጭሩ የሚገልጸው መስመር፣ ሌላ ነው፤ ደረጃን በቀጥታ ባይለውጥም ከውጤቱ ርዕስ ሥር ሊወጣ ስለሚችል በጥንቃቄ ቢጻፍ ይጠቅማል። ጀማሪዎች ጉልበታቸውን በከንቱ ሲያፈሱ ማየት ስለሚያሳዝነኝ አጥብቄ የምመክረው በገጹ ርዕስ ላይ እንዲሠሩ ነው፦ «መነሻ ገጽ» የሚል ርዕስ ስለ ይዘቱ ምንም አይናገርም፣ «የብስክሌት ፍሬን እንዴት ይስተካከላል» የሚለው ግን ፈላጊው ራሱ የሚጽፈውን ጥያቄ ይዟል።