ስማችሁን ደብቃችሁ የሰው ስም አታጥፉ

የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ተቆጥቻለሁ። ከእናንተ ሌላ የምቆጣው ልጅም የለኝም።

ባለፈው ታኅሣሥ የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው የሚያድረው። ልጅቷ አንገቷ ባዶ ነው። እናትሽ የሠራችልሽ ሰማያዊ ሻርፕ የት ሄደ ስላት ዝም አለች። ማታ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። የግቢያቸው ተማሪዎች በቴሌግራም የሚያሙበት ቻናል ነው። «ሰማያዊ ሻርፕ የምታደርገው ፍሬሽ፣ ከአስተማሪ ቢሮ የማትጠፋው፣ ውጤቷ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን» ይላል። የጻፈው ሰው ስም የለውም። ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ተደርድሯል፤ ከ200 በላይ።

«አክስቴ፣ ግቢው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሻርፕ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ።

ይህ ነገር አዲስ አበባ መሀል ቢጻፍ ማንንም አይነካም ነበር። ግቢ ግን ትንሽ ነው። አንድ ካፌ ነው የምትበሉት፣ አንድ ላይብረሪ ነው የምታነቡት። ስሟ ባይጠራም ሁሉም አውቋታል። ያልታወቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ይህን በሽታ እኛ አልጀመርነውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ይክ ያክ የሚባል አፕ ወጥቶ ነበር። ስም አይጠይቅም፤ የሚያሳየውም አቅራቢያችሁ ያለ ሰው የጻፈውን ነው። ኮሌጆችን በአጭር ጊዜ አጥለቀለቃቸው። ቀልዱ ብዙ ሳይቆይ ስድብና ዛቻ ሆነ። በ2015 ሚዙሪ ውስጥ ያየሁትን ጥቁር ሰው ሁሉ እገድላለሁ ብሎ የጻፈ ልጅ ተደብቄያለሁ ባለ በማግሥቱ ተይዟል። አፑ በ2017 ተዘጋ፤ በ2021 ተመልሶ መጣ።

እናንተም አልተደበቃችሁም። ሐሜታችሁን ለቻናሉ የምታቀብሉበት ቦት፣ ማለትም መልእክት ተቀባይ ፕሮግራም፣ የላካችሁትን ለቦቱ ባለቤት የሚያደርሰው ከአካውንታችሁ መለያ ቁጥር ጋር ነው። ቻናሉን የሚያስተዳድረው አድሚን ከፈለገ ያውቃችኋል። ዛሬ ጓደኛችሁ ነው፤ ነገ ብትጣሉስ?

ስም ሳይገልጹ መናገር በአገራችንም ነበር። ድሮ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሲገደል አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ለማውጣት ለአውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የፈራ ሰው ያየውን በ«ወፍ»፣ ማለትም በምስጢር ነጋሪ፣ ያሳውቃል። ስሙ አይወጣም። ግን ሽማግሌ ነገሩን ይመረምራል፤ የተጠረጠረውም ቀርቦ ይጠየቃል፣ ይምላል። ወፏ የምትናገረው ለጠፋ ከብት፣ ለፈሰሰ ደም ነው። የሰው ልጅ አለባበስ ስትቆጥር አትውልም።

ስሙን መደበቅ የሚገባው ሰው እንዳለ አልክድም። አስተማሪ የሚያስቸግራት ልጅ ፈርታ ብትናገር ከጎኗ እቆማለሁ። ግን እንዲህ ባለ ቻናል ላይ እውነተኛዋ ተበዳይ ብትጮህ ማን ያምናታል? የእህቴ ልጅ ቢሮ የምትሄደው ያልገባትን ሒሳብ ለመጠየቅ ነበር። አሁን አትጠይቅም። ሁለተኛ ፈተናዋን ወደቀች።

ብሔር እየጠራችሁ የምትጽፉትማ ከዚህም የባሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሲሞቱ እናቶች እንዴት እንዳለቀሱ አይተናል። ማታ ዶርም ውስጥ ተኝታችሁ የለቀቃችሁት አንድ መስመር ሳይነጋ ዱላ ሊያስነሳ ይችላል። ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል፣ ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ጥቃት ካስከተለ ደግሞ ቅጣቱ ይብሳል።

እኔ አልጻፍኩም የምትሉም አላችሁ። ሳቃችሁ የለም ወይ? ስክሪንሻት አንሥታችሁ ለዶርም ልጆች አልላካችሁም? ያቺ ልጅ ጸሐፊውን አታውቀውም። ጠዋት ክፍል ስትገባ የምታየው የእናንተን ፊት ነው፤ ከመካከላችሁ ማን እንደሳቀባት እያሰበች ነው የምትቀመጠው። አንዳችሁ «ይሄ ነውር ነው፣ አጥፉት» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ሻርፗን አታወልቅም ነበር።

አንተ አድሚኑ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አላውቅም። ፖስቱ ግን እስከ ትናንት ማታ አልጠፋም፤ ራሴ ገብቼ አይቻለሁ። ሻርፑ እኔ ቤት በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ዛሬውኑ አጥፋው።